«አዲስ ካርቡሬተር ልግዛለት?» 12 ዓመት ለቆመ ሼቬል

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ባለፈው መኸር የ1969 ሼቭሮሌ ሼቬል ገዛሁ። ሞተሩ 350 (ኪዩቢክ ኢንች)፣ ማርሹ አውቶማቲክ፣ ካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ኳድራጄት የሚባለው ነው። ጋራዥ ውስጥ 12 ዓመት ቆሞ ነበር። አሁን ይነሳል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ሞቶሪኖው ብዙ ካልዞረ እሺ አይልም። ከሞቀ በኋላ ትራፊክ መብራት ላይ ይንዘፈዘፋል፣ የሙቀት ጌጁ ይወጣል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። አውራ ጎዳና ላይ ግን ሰላም ነው። የፍሬኑ ፔዳልም ትንሽ ይሰምጣል። አንድ ወዳጄ አዲስ ካርቡሬተርና ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተር ግዛ አለኝ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከ900 ዶላር በላይ ሊያወጡኝ ነው። ልግዛ? ደግሞም ሻጩ መኪናው ኤስኤስ (ሱፐር ስፖርት የሚባለው የሼቬል ዓይነት) ነው ብሎኛል፤ እንዴት አውቃለሁ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይግዙ። ቢያንስ አሁን አይግዙ። የዘረዘሯቸው ምልክቶች በአብዛኛው የሚያመለክቱት ወደ እሳቱ፣ ማለትም ቤንዚኑን ወደሚያቀጣጥለው ብልጭታና ለየሲሊንደሩ ወደሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ነው፤ በእነዚህ ሞተሮች ላይ በካርቡሬተር የሚሳበበው ጥፋት ብዙ ጊዜ የዲስትሪቢዩተር ሆኖ ይገኛል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ቢቀይሩ መኪናው ቢሻለው በምን እንደተሻለው አያውቁም፤ ቢብስበት ደግሞ የድሮው ጥፋት ይሁን የአዲሱ ዕቃ አይለይልዎትም። አንድ ነገር ነክቶ፣ ለክቶ፣ ጽፎ ወደ ቀጣዩ መሄድ ነው የሚያዋጣው።

ከሞተሩ በፊት ግን ፍሬኑ። ፔዳሉ የሚሰምጥ መኪና አይነዳም፤ እስኪሠራ ድረስ ከጋራዥ አያውጡት። ፔዳሉን በእግርዎ ቀለል አድርገው ጫን ይበሉና 30 ሰከንድ ያህል ይቆዩ። ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ከወረደና በየትኛውም ጎማ በኩል የሚፈስ የፍሬን ዘይት ከሌለ፣ የዋናው ፖምፓ የውስጥ ጎሚኒ አልቆ ዘይቱ በጎን እያመለጠ ነው፤ ፖምፓው ይቀየራል። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ የሚል ከሆነ ደግሞ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይ የታምቡሮቹ ሸራ ተራርቋል። የእርስዎ መኪና ከ1967 በኋላ የተሠራ ስለሆነ ፖምፓው ለፊትና ለኋላ የተለያየ ክፍል አለው፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው በከፊል ይይዛል። ግማሽ ፍሬን ግን መቆሚያውን እጅግ ያርቀዋል።

12 ዓመት በቆመ መኪና ላይ የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹን ሳያዩ አያምኑ፤ ከውጭ ደህና ቢመስሉ እንኳ ይቀይሯቸው። ሦስት ናቸው፦ ሁለት ከፊት፣ አንድ ወደ ኋላ አክስል። ከውስጥ አብጠው ዘይቱን ወደ ጎማው አሳልፈው መመለሻ ይከለክሉታል፤ ያኔ መኪናው ሳይረገጥ ራሱን ይይዛል ወይም ወደ አንድ ጎን ይስባል። ታምቡሮቹን ሲከፍቱ በየጎማው ውስጥ ያለችውን ትንሽ የፍሬን ሲሊንደር የአቧራ መከላከያ ጎሚኒ ጠርዝ ገለጥ አድርገው ይዩ፤ ከሥሩ እርጥበት ካለ ትቀየር። የድሮ ሸራ አዝቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራውን በአየር አይንፉት፤ በውሃ ያርጥቡትና በጨርቅ ይጥረጉት። ዘይቱ ዶት 3 ይሁን፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከእሱ ጋር አይቀላቀልም። አየር የሚወጣው ከሩቁ ጎማ ተነስቶ ነው፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። አዲስ ፖምፓ ከገጠሙ መኪናው ላይ ከመታሰሩ በፊት ጠረጴዛ ላይ አየሩን ያውጡለት፤ አለበለዚያ ግማሽ ቀን ሲረግጡ ይውላሉ። ከመኪናው ጋር የመጣውን፣ ባምፐር ይዞ የሚያነሳውን ክሪክ ደግሞ ለመታሰቢያ ያስቀምጡት። ከሥር የሚገቡት በሻሲው ላይ በተተከሉ አራት የብረት መደገፊያዎች ብቻ ነው። ጎማዎቹንም ይዩ፤ በጎናቸው ከዶት ፊደሎቹ በኋላ ከተጻፈው የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይነግሩዎታል። 2311 ካለ እ.ኤ.አ. የ2011 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ ቢያምርም እንዲህ ያረጀ ጎማ አይነዳበትም።

አሁን ወደ ሞተሩ። መጀመሪያ ሙቀቱን እንፍታው፤ ምክንያቱም «መብራት ላይ ይሞቃል፣ አውራ ጎዳና ላይ ሰላም ነው» ያሉት በጣም ጠቃሚ መረጃ ነው። ተገላቢጦሹ ቢሆን፣ ማለትም በፍጥነት ሲሄድ ቢሞቅ፣ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ተበልቶ የሚጣበቅ የታችኛው የራዲያተር ቱቦ እንጠረጥር ነበር። ቆሞ ሲሞቅ ግን ወይ ንፋስ አያገኝም ወይ ታይሚንጉ (እሳቱ የሚለኮስበት ቅጽበት) ዘግይቷል። ንፋሱን ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል፦ በቬንትሌተሩ ዙሪያ ያለው መከለያ አለ ወይስ አንዱ የቀድሞ ባለቤት አውልቆ ጥሎታል? ሞተሩ ጠፍቶ፣ ገና ትኩስ ሳለ ቬንትሌተሩን በእጅዎ ሲያዞሩት ያስቸግራል ወይስ እንደ ልብ ይሽከረከራል? እንደ ልብ ከተሽከረከረ የቬንትሌተሩ ክላች ሞቷል። የራዲያተሩ ክዳን 15 ፒኤስአይ የሚይዝ፣ ቴርሞስታቱ 180 ወይም 195 ፋራናይት ይሁን። ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በአገር ቤትም እዚህም የተለመደ «መፍትሔ» ነው፤ ችግሩን ከመሸፈን በቀር ምንም አይሠራም። የዳሽቦርዱን ጌጅም በጭፍን አይመኑ፤ 20 ዶላር በማይሞላ የኢንፍራሬድ ሙቀት መለኪያ የቴርሞስታቱን ቤት ይለኩትና ያወዳድሩ። ጌጁ የሚዋሽ ከሆነ ግማሹ ጭንቀት ባዶ ነበር ማለት ነው።

ንፋሱ ደህና ከሆነ ወደ ታይሚንጉ እንሂድ፤ የጉዳዩ እምብርት እዚህ ይመስለናል። እሳቱ ሲዘገይ ቤንዚኑ ፒስቶኑ መውረድ ከጀመረ በኋላም መንደዱን ይቀጥላል፤ ነበልባሉ በጭስ ማውጫው በኩል እየነደደ ይወጣል፤ ሙቀቱን ቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) እና ውሃው ይቀበሉታል። ኃይሉ ስለሚቀንስ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ይወርዳል፤ ያንን ለማካካስ ሰው የሚኒሞውን ቪት ያጠብቃል፤ ሙቀቱ ይብሳል። አንዱ ጥፋት ሁለቱንም ምልክቶችዎን ይፈጥራል ማለት ነው፤ መንዘፍዘፉንም መፍላቱንም።

የሚያስፈልግዎ የድዌል መለኪያ (ድዌል ምን እንደሆነ ከታች እንነግርዎታለን)፣ የታይሚንግ መብራትና የቫኪዩም ጌጅ ነው። ሦስቱም በሐሳብ ካለው ካርቡሬተር ያነሰ ያወጣሉ፤ ብዙ የመለዋወጫ መደብሮችም ያውሳሉ። መጀመሪያ የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከፍተው ይዩ፦ በውስጡ እንደ እርሳስ ጭረት ያለ ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ክዳኑ ተሰንጥቆ እሳቱ እያመለጠ ነው። ዘንጉን ይዘው ወደ ጎን ሲነቀንቁት የሚታይ ልቅነት ካለው ድዌሉ አንድ ቦታ ላይ አይረጋም፤ ያኔ ዲስትሪቢዩተር መቀየር ትክክል ይሆናል። ከሌለው ክዳን፣ ሮተር (ክዳኑ ውስጥ የሚዞረው)፣ ፖይንት (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚፈጥረው ማብሪያ) እና ኮንደንሰር ይቀይሩ፤ በአዲሱ ፖይንት ማሻሻ ላይ ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ግሪስ የስንዴ ፍሬ በምታህል መጠን ያድርጉ። የተረፈው ግሪስ በሙቀት ተወርውሮ ፖይንቱ ላይ ያርፍና እሳት ያጠፋል። የአዲስ ፖይንት ክፍተት 0.019 ኢንች፣ የካንዴላ ክፍተት 0.035 ኢንች ነው። የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ይቀይሩ። ቢደባለቁብዎ ቅደም ተከተሉ 1-8-4-3-6-5-7-2 ነው፤ ሮተሩ በሰዓት አቆጣጠር ይዞራል፤ ጎዶሎ ቁጥሮቹ ሾፌሩ በሚቀመጥበት በኩል፣ 1 ቁጥር ከሁሉም ፊት ነው።

ፖይንቱ ተዘግቶ ቦቢናው (የእሳቱን ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) የሚሞላበት የዲግሪ መጠን ድዌል ይባላል፤ ለዚህ ሞተር 30 ነው፣ ከ28 እስከ 32 ችግር የለውም። ጄኔራል ሞተርስ እዚህ ላይ ለባለቤቱ አስቦ ነበር፦ በክዳኑ ጎን ወደ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ የብረት መስኮት አለች። ሞተሩ እየሠራ መስኮቷን ከፍተው፣ በአንድ ስምንተኛ ኢንች አለን ቁልፍ ቪቷን እያዞሩ መለኪያው 30 እስኪል ያስተካክላሉ። መለኪያ ከሌለዎት ሞተሩ መዝለል እስኪጀምር በሰዓት አቆጣጠር ያዙሩና ግማሽ ዙር ይመልሱ፤ በጣም የተቀራረበ ውጤት ይሰጣል። ድዌል ሁልጊዜ ከታይሚንግ በፊት ነው የሚስተካከለው። ድዌል ሲቀየር ታይሚንግ አብሮ ይቀየራል፤ ታይሚንግ ሲቀየር ግን ድዌል አይነቃነቅም። የፖይንቱ ማሻሻ በቆይታ ሲያልቅ ክፍተቱ ይጠባል፣ ድዌሉ ይጨምራል፣ እሳቱ ይዘገያል። «ዓምና ደህና ነበር» የሚባሉ መኪኖች ቀስ በቀስ ሙቀት የሚያበዙት በዚህ መንገድ ነው።

ለታይሚንጉ ሞተሩን ያሙቁ፤ ከዲስትሪቢዩተሩ የቫኪዩም ቱቦውን ነቅለው ጫፉን ይድፈኑ፤ ሚኒሞውን ወደ 600 ወይም 700 ዙር ያውርዱ። መብራቱን ከ1 ቁጥር ገመድ ጋር አገናኝተው፣ የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ ቡሎን በ9/16 ቁልፍ ላላ አድርገው ያስተካክላሉ። ሞተሩ ያልተነካካ ከሆነ የዛሬው ቤንዚን ላይ ፒስቶኑ የላይ ጫፍ ከመድረሱ 8 ወይም 10 ዲግሪ ቀድሞ ብዙውን ጊዜ ይስማማዋል። ከዚያ ቱቦው እንደተደፈነ ነዳጅ እየሰጡ ምልክቱ መቅደሙን እስኪያቆም ያሳድጉ፤ ጠቅላላው ከ34 እስከ 36 ዲግሪ መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ መነሻውን ይቀንሱ። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡ እንደ ጠጠር መንቀጫቀጭ ድምፅ ከሰሙ ሁለት ዲግሪ ይመልሱ፤ ያ ድምፅ ፒስቶን ይበሳል። በመጨረሻ በቫኪዩም ቱቦው በአፍዎ ይሳቡ፤ ምላስዎን አድርገው ሲዘጉት ካልያዘ የቫኪዩም አድቫንሱ (በሞተሩ የአየር መሳብ እሳቱን የሚያስቀድመው) ሽፋን ተቀዷል፤ ይህም ራሱን ችሎ መኪናውን ያሞቃል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ያለው የታይሚንግ ምልክት የተቀረጸበት ባላንሰር ነው። የውጭ ቀለበቱ ከውስጠኛው ጋር የተጣበቀው በጎሚኒ ነው፤ ከ50 ዓመት በኋላ ቀለበቱ ይንሸራተትና ምልክቱ ውሸት ይሆናል። ለማረጋገጥ ባትሪውን ይንቀሉ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ ያውጡ፣ በ1 ቁጥር ቀዳዳ የፒስቶን ማቆሚያ ይጥበቁ። ሞተሩን በእጅ በቁልፍ ቀስ ብለው እስኪቆም ወደ ቀኝ ያዙሩና ባላንሰሩ ላይ ይጻፉ፤ እስኪቆም ወደ ግራ ያዙሩና ይጻፉ። የሁለቱ ትክክለኛ መሐል እውነተኛው የላይ ጫፍ ነው። የፋብሪካው ምልክት እዚያ ላይ ካልወደቀ ባላንሰሩን ይቀይሩ።

ሁለተኛው የታይሚንግ ሰንሰለቱ ነው። ፋብሪካው ድምፅ ለመቀነስ ብሎ የካምሻፍቱን ጥርስ በናይለን ሸፍኖት ነበር። ናይለኑ ሲያረጅ ይሰባበራል፤ ስብርባሪው ኮፓ ውስጥ ወርዶ የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ይደፍናል። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንስተው ሞተሩን በእጅ ወደ አንድ ጎን ያዙሩ፤ ከዚያ ወደ ሌላው ሲመልሱት ሮተሩ እስኪነቃነቅ ድረስ ስንት ዲግሪ እንደሚያልፍ ባላንሰሩ ላይ ይቁጠሩ። 10 ዲግሪ ከደረሰ ሰንሰለቱ አልቋል። እንግዲህ 900 ዶላሩ የሚውልበት ቦታ ካለ ይህ ነው፤ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ያወጣሉ።

የቫኪዩም ጌጁን ከማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያልፍበት) ጋር ያገናኙት። ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ያሳያል፣ መርፌው አይንቀጠቀጥም። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠለል ነው፤ በየ1000 ጫማ ከፍታ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ሜሪላንድ ላይ 18 የሚያሳይ መኪና አዲስ አበባ ቢሆን 10 ወይም 11 ቢያሳይ በሽታ አይደለም። እርስዎ ጋ ዝቅ ብሎ ከረጋ ወይ ታይሚንጉ ዘግይቷል ወይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ፤ የካርቡሬተሩን መቀመጫ ጓርኒሲዮን፣ የፍሬን ቡስተር ካለው የእሱን ቱቦና የደረቁ የጎሚኒ ክዳኖችን ይፈትሹ። ቀጭን ቱቦ ጆሮዎ ላይ አድርገው በየመገጣጠሚያው ቢያስኬዱት ፉጨቱን ይሰሙታል። የሚቀጣጠል ስፕሬይ በትኩስ ሞተር ላይ መርጨት የሚያስተምሩ አሉ፤ አይስሟቸው። መርፌው በየተወሰነ ቅጽበት ዝቅ ካለ ቫልቭ ነው፤ ያ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

ካርቡሬተሩ አሁን ተራው ደርሷል። ለጠዋቱ ችግር አንድ ቀላል ፈተና አለ። ጠዋት ቁልፉን ሳይነኩ የአየር ፊልትሮውን ያንሱ፤ የቾኩን (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰውን) ክዳን በጣትዎ ከፍተው፣ የነዳጁን ክንድ በእጅ እየገፉ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ሁለት ቀጭን የቤንዚን ጅረት ከታየ ጎድጓዳው (ካርቡሬተሩ ቤንዚን የሚያቆይበት) ሙሉ ነው፤ ችግሩ ቾኩ ወይም እሳቱ ነው። ምንም ካልታየ ጎድጓዳው ባዶ ነው፤ ሞቶሪኖው የሚደክመው የቤንዚን ፖምፓው እስኪሞላው ነው። ሳምንት ቆሞ ባዶ መሆኑ በዛሬው በቀላሉ በሚተን ቤንዚን ያለ ነው። በአንድ ሌሊት ባዶ ከሆነ ግን የኳድራጄት የታወቀ በሽታ ነው፦ ከጎድጓዳው ሥር ያሉት መድፈኛዎች ቤንዚኑን ወደ ማኒፎልዱ ያንጠባጥባሉ። መፍትሔው መፍታት፣ መድፈኛዎቹን በደንብ ማጽዳትና ቤንዚን በሚችል ኢፖክሲ መሸፈን ነው። በዚያው የጥገና ኪት ይግጠሙ። ፍሎቱ (የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ) ከስፖንጅ መሰል ነገር የተሠራ ከሆነ ቤንዚን ጠጥቶ ይከብዳል፣ ጎድጓዳው ያጥለቀልቃል፤ ይቀየር። የመፍጠኛ ፖምፓው ጎሚኒም ኢታኖል የሚችል ይሁን። ኪቱን ሲያዝዙ በካርቡሬተሩ ጎን ቁልቁል የተጻፈውን ቁጥር ይስጡ፤ በ7029 ከጀመረ የ1969 ነው፣ ፍሎቱ የሚስተካከልበትን ልክም የሚያገኙት በእሱ ነው። የቤንዚን መስመሩን ሲፈቱ ባለ 1 ኢንቹን ትልቅ ዳዶ በአንድ ቁልፍ ይዘው ትንሹን በ5/8 ይፍቱ። አካሉ ለስላሳ ብረት ስለሆነ አላግባብ ያጠበቀ ሰው ጥርሱን ይበላዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚንጠባጠብ ቤንዚን የሚወርደው በትኩስ ማኒፎልድ ላይ ነው። በእጅዎ አቅራቢያ የእሳት ማጥፊያ ይኑር።

በዚህ ሁሉ ላይ የ12 ዓመት ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ካለ ምንም አይስተካከልም። ሽታው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ ታንኩን ያውርዱ። የጎማ ቱቦዎቹን ኤስኤኢ 30አር7 በሚባለው ይቀይሩ።

ዘይትን በተመለከተ፣ የዘመናዊ መኪናዎን ዘይት አይጨምሩበት። የዚህ ሞተር ካምሻፍት ቫልቮቹን የሚያነሳው እየፈገፈገ ነው፤ ከመፋቅ የሚጠብቀው በዘይቱ ውስጥ ያለው ዚንክና ፎስፎረስ ነው። ለዛሬ መኪኖች የሚመረቱት ቀጫጭን ዘይቶች ፎስፎረሳቸው ከሚሊዮን 800 እጅ ላይ ተገድቧል፤ እርስዎ ከ1000 እስከ 1200 ያለው፣ ለአሮጌ ሞተር የተዘጋጀ 10ደብልዩ-30 ይግዙ። ከፊልትሮው ጋር 5 ኳርት ይይዛል። እርሳስ የሌለው ቤንዚን ቫልቭ ይበላል የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ቅዳሜና እሁድ ለሚነዳ መኪና ግን ቴስታታውን ለዚህ ብለው አይክፈቱ። አንድ ቀን በሌላ ምክንያት ሲከፈት ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ያስገቡለት።

ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢዩተሩ መጥፎ ነገር ስላልሆነ በኋላ ቢፈልጉ ይግጠሙት። ግን ይህን ይወቁ፦ ፋብሪካው ወደ ቦቢናው የሚልከው ሽቦ ፖይንቱ እንዳይቃጠል ቮልቱን ሆን ብሎ የሚቀንስ ነው። ኤሌክትሮኒኩ ሙሉ 12 ቮልት ይፈልጋል። በድሮው ሽቦ ላይ ሰክተውት «አዲሱም አይሠራም» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል።

ኤስኤስ ስለመሆኑ፣ ይቅርታ፣ አይመስለንም። በ1969 ሼቬል ላይ ኤስኤስ ማለት ባለ 396 ሞተር ተጨማሪ ጥቅል ነበር፤ 350 ይዞ ከፋብሪካ አልወጣም። የሻሲ ቁጥሩ ቪ8 መሆኑን እንጂ ኤስኤስ መሆኑን አይናገርም፤ በዚያ አይከራከሩ። ከሥር ገብተው የኋላ ዲፈረንሻሉን ክዳን ይቁጠሩ፤ 10 ቡሎን ካለውና ፊት ፍሬኑ ታምቡር ከሆነ ምልክቱን አንድ ሰው በኋላ ለጥፎበታል። ለኤስኤስ ተብሎ ተጨማሪ ከፍለው ከሆነ ከሻጩ ጋር የሚነጋገሩበት ወረቀት የፋብሪካው የግንባታ ዝርዝር ነው፤ አንዳንዴ ከታንኩ በላይ ተጣብቆ ይገኛል፣ ታንኩን ሲያወርዱ ቀስ ብለው ይዩ።

ሲጨርሱ ስድስት ቁጥሮች ይላኩልን፦ ድዌሉ፣ መነሻና ጠቅላላ ታይሚንጉ፣ የሰንሰለቱ ልቅነት፣ የቫኪዩሙ ንባብ፣ ሞተሩ 15 ደቂቃ ሚኒሞ ላይ ከቆየ በኋላ በቴርሞስታቱ ቤት ላይ የለኩት ሙቀት። ካርቡሬተር መግዛት ያስፈልግ እንደሆነ ያኔ እንነግርዎታለን።